ቆብና ሥጋ ወደሙ፦ የምንኩስናና የምሥጢራት የጋራ ታሪክ

ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ስንት ናቸው ሲባል በሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ሳያመነታ ይመልሳል፤ ሰባት። ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ክህነት፣ ተክሊል፣ ቀንዲል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ500 ዓ.ም. ገደማ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሶርያ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፣ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ብንገልጥ ግን ሌላ ተርታ እናገኛለን። ጸሐፊው በቅዱስ ጳውሎስ ስብከት አቴና ላይ ባመነው በዲዮናስዮስ አርዮስፋጎሳዊ ስም ይጻፍ እንጂ ከሐዋርያት ዘመን ብዙ ርቆ የኖረ ሰው ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያን መዓርጋት በጻፈው በዚህ ድርሰት ስድስት ሥርዓቶችን አንድ በአንድ ይተነትናል፤ ጥምቀትን፣ ቁርባንን፣ የሜሮንን ቡራኬ፣ ክህነትን፣ ምንኩስናንና የሙታን ፍትሐትን። ተክሊል በተርታው የለም። ንስሐም ራሱን ችሎ አልተቆጠረም። ምንኩስና ግን ከክህነት ቀጥሎ ተቀምጧል።

ታዲያ ምንኩስና ምሥጢር ነው ወይስ አይደለም? ባለፉት 1,500 ዓመታት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በየዘመኑና በየአገሩ ተለያይቷል። እኛ ዘንድ ሁለቱን ነጣጥሎ የመማር ልማድ ሥር ሰዷል፤ ምሥጢራትን በነገረ ሃይማኖት ክፍል፣ መነኮሳትን በገድልና በታሪክ ክፍል እንማራለን። እኔ ግን አንዱን ያለ ሌላው መተረክ አይቻልም ባይ ነኝ። ዛሬ የምንናዘዝበትን መንገድ፣ ጳጳስ የምንሾምበትን ሥርዓት፣ ስለ ቁርባን ያለንን ፍርሃት ጭምር ቅርጽ ያስያዙት በአመዛኙ መነኮሳት ናቸው። የሚያስደንቀው ደግሞ እነዚሁ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ከካህናቱ አደባባይ ሸሽተው የወጡ መሆናቸው ነው።

ሽሽቱ የምር ነበር። አባ ጳኩሚስ በ320ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በላይኛው ግብፅ፣ ጠቤኒሲ ላይ የአንድነት ገዳም ሲመሠርቱ ካህን አልነበሩም፤ መሆንም አልፈለጉም። ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ገና በተሾሙ ሰሞን ሀገረ ስብከታቸውን ሊጎበኙ በዓባይ ሽቅብ ሲወጡ፣ የዴንደራው ኤጲስ ቆጶስ ሳራፒዮን ጳኩሚስን እንዲሾሙላቸው ለመኗቸው። ጳኩሚስም ይህን ሲያውቁ ሊቀ ጳጳሳቱ እስኪያልፉ ድረስ በመነኮሳቱ መካከል ተሸሸጉ። ክህነት በወንድማማቾች መካከል ቅናትንና የክብር ፍለጋን ይዘራል ብለው ይሰጉ ነበር። ስለዚህ በገዳሙ የመጀመሪያ ዓመታት መነኮሳቱ ቅዳሜ ማታ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይቆርባሉ፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ የአጥቢያው ካህናት ወደ ገዳሙ መጥተው ይቀድሱላቸዋል። የተሾመ ካህን ሊመነኩስ ቢመጣ ይቀበሉታል፤ ከቅዳሴው ሲወጣ ግን እንደ ማንኛውም ወንድም ለሥርዓቱ ይታዘዛል።

ከጳኩሚስም የባሰ ነገር ያደረጉ ነበሩ። የበረሃ መነኮሳትን ታሪክ የጻፈው ጳላድዮስ በግብፅ ስለ ኒጥርያው መነኩሴ ስለ አሞንዮስ ያቆየውን ማንሳት ይበቃል። የአንድ ከተማ ሰዎች ኤጲስ ቆጶስ እንዲሆንላቸው ፈልገው ሊወስዱት በመጡ ጊዜ አሞንዮስ ዓይናቸው እያየ የግራ ጆሮውን ከሥሩ ቆረጠ። በኦሪት ሕግ አካሉ የጎደለ ሰው ክህነት እንደማይገባው ያውቅ ነበርና በዚህ የሚገላገል መስሎት ነው። ሰዎቹ ተመልሰው ለእስክንድርያው ጳጳስ ለጢሞቴዎስ ሲነግሩ፣ ጳጳሱ ይህ ሕግ ለአይሁድ ነው፤ ምግባሩ የቀና ከሆነ አፍንጫው የተቆረጠም ቢሆን አምጡልኝ አሉ። ሰዎቹ ዳግመኛ ሲመጡ አሞንዮስ ብታስገድዱኝ ምላሴን እቆርጣለሁ ብሎ ማለ። ያን ጊዜ ትተውት ሄዱ። ከግብፅ መነኮሳት የተማረው ዮሐንስ ካስያንም መነኩሴ ከሴት እንደሚርቅ ሁሉ ከኤጲስ ቆጶስም እንዲርቅ ይመክራል፤ ሁለቱም የያዙትን ሰው ወደ በዓቱ ጸጥታ አይመልሱትምና።

ይህ ሽሽት ሥጋ ወደሙን መናቅ አልነበረም። በግብፅ፣ በአስቄጥስ በረሃ ሳምንቱን ሙሉ በየበዓታቸው ተለያይተው የሚሰነብቱት መነኮሳት ቅዳሜና እሑድ ለቅዳሴ ይሰበሰቡ ነበር፤ ታላቁ መቃርስ ራሳቸው ቅስናን ተቀብለው አገልግለዋል። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ372 ገደማ በጻፉት አንድ ደብዳቤ በሳምንት አራት ቀን፣ እሑድ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ እንደሚቆርቡ ይናገራሉ፤ ካህን በሌለበት በረሃ የሚኖሩ ባሕታውያንም ቅዱስ ቁርባኑን በየበዓታቸው አኑረው በገዛ እጃቸው እንደሚቀበሉ ይመሰክራሉ። ይህ ዛሬ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው። ካህን ያልሆነ መነኩሴ ቁርባኑን በበዓቱ አስቀምጦ ለብቻው ሲቀበል፣ በዚያ ዘመን ከታላላቆቹ የሥርዓት ሰዎች አንዱ የነበሩት ባስልዮስ ነውር አላሉትም።

አደጋው የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሌሊትና ቀን የሚጸልይ፣ የሚጾም፣ ራእይ የሚያይ ሰው አንድ ቀን ቁርባን ለምኔ ሊል ይችላል። ጳላድዮስ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎችን በስም ይጠቅሳል። አንዱ ፍልስጥኤማዊው ዋሌንስ ነው፤ ክርስቶስን በዓይኔ አይቻለሁና ከእንግዲህ ቁርባን አያስፈልገኝም ሲል አባቶች በብረት አስረው አንድ ዓመት አቆዩት። ሁለተኛው እስክንድርያዊው ሄሮን በትዕቢቱ ከቁርባን ርቆ ክፉኛ ወደቀ። በሶርያና በታናሽ እስያ ደግሞ ነገሩ የግለሰብ መሳሳት መሆኑ ቀርቶ እንቅስቃሴ ሆነ። መሳልያውያን የተባሉት ወገኖች በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ጋኔን አለ፣ ጥምቀት አያወጣውም፣ የሚያወጣው የማያቋርጥ ጸሎት ብቻ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ ሥጋ ወደሙም አይጠቅምም አይጎዳምም አሉ። የኤፌሶን ጉባኤ በ431 ያወገዘው ንስጥሮስን ብቻ አይደለም፤ እነርሱንም አውግዟል። ከዚያ አስቀድሞ በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በጋንግራ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት የሰባስጥያውን የኤዎስጣቴዎስን ተከታዮች ገሥጸዋል። ተከታዮቹ ጋብቻን ይንቃሉ፣ ካገባ ቄስ እጅ አንቆርብም ይላሉ፤ ሴቶቻቸው ፀጉራቸውን ቆርጠው የወንድ ልብስ ይለብሳሉ። የምሥራቅ መነኮሳት አባት የሚባሉት ባስልዮስ በወጣትነታቸው የምናኔን ሕይወት የቀሰሙት ከዚሁ ከኤዎስጣቴዎስ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በቅድስናና በኑፋቄ መካከል የነበረው ድንበር ያን ያህል የቀጠነ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የሰጠችው መልስ ውግዘት ብቻ አልነበረም፤ መነኮሳቱን ወደ መንበሩ ሳበቻቸው። አትናቴዎስ በ354 ገደማ ድራኮንትዮስ ለተባለ አበምኔት የጻፉት ደብዳቤ ጵጵስናን ጥለህ አትሽሽ የሚል ልመናም ተግሣጽም ነው። ሁሉም እንዳንተ ቢሸሽ አንተን ማን ያጠምቅህ ነበር የሚለው ሐሳብ ደብዳቤውን ያዘለው ነው። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ቁልቁል ስንመለከት ሁኔታው ተገልብጦ እናገኘዋለን። የንጉሥ ዮስጢንያኖስ ሕግጋትና የ692ቱ የጥሩሎ ጉባኤ ኤጲስ ቆጶስ ከሚስት ጋር የማይኖር እንዲሆን ካጸኑ በኋላ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጳጳሳታቸውን ከገዳም መውሰድ ልማዳቸው ሆነ። ጆሮውን የቆረጠው የአሞንዮስ ወገን የክህነትን መዝገብ ተረከበ።

ወደ ዲዮናስዮስ መጽሐፍ እንመለስ፤ በመነኮሳትና በካህናት መካከል የነበረውን መጨናነቅ ከእርሱ የበለጠ በዝርዝር የሚያሳይ የለም። ዲያቆን ሲሾም አንድ ጉልበቱን ያንበረክካል፤ ቄስ ሁለቱንም ያንበረክካል፤ ኤጲስ ቆጶስ ተንበርክኮ በራሱ ላይ ወንጌል ይደረግለታል። የሚመነኩሰው ሰው ግን አይንበረከክም፤ መጽሐፍም አይጫንበትም። ከካህኑ ኋላ ቆሞ ጸሎቱን ይሰማል፤ ዓለምን መካዱን ይጠየቃል፤ በመስቀል ይባረካል፤ በሥላሴ ስም ፀጉሩን ይቆረጣል፤ ልብሱን አውልቆ ሌላ ይለብሳል፤ ከተሰበሰቡት ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ይቆርባል። ከጥምቀት መካድና ልብስ መለወጥ፣ ከክህነት የሥላሴ ስም መጠራት፣ ሁለቱም አሉበት፤ እጅ መጫን ግን የለም። ጸሐፊው መነኩሴን ከሕዝብ ሁሉ በላይ፣ ከካህናት ሁሉ በታች ያስቀምጠዋል። ይህን በከንቱ አላደረገም። ዴሞፊሎስ ለተባለ መነኩሴ በላከው መልእክት እንደምናነበው፣ ሰውየው በቄሱ እግር ሥር ወድቆ ንስሐ የሚገባን ኃጢአተኛ ረግጦ አባሯል፤ ቄሱንም ከመቅደስ አስወጥቶ ንዋየ ቅድሳቱን እኔ እጠብቃለሁ ብሏል። ኃጢአትን የሚፈታው ማን ነው? በሢመቱ ቄሱ ነው ወይስ በቅድስናው መነኩሴው? መልእክቱ ለቄሱ ፈርዷል። ጥያቄው ግን እዚያ አልሞተም።

የንስሐ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ክፍልም ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ከጥምቀት በኋላ ለሠሩት ከባድ ኃጢአት ንስሐ የሚገባው በአደባባይ፣ ያውም በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ተነሳሒው ከቁርባን ተለይቶ፣ ማቅ ለብሶ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ዓመታትን ያሳልፋል። በምዕራብ ደግሞ ከታረቀ በኋላም ቀሪ ሕይወቱን የሚከተሉት እገዳዎች ነበሩ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ንስሐውን እስከ ሞት አልጋ ያዘገይ ጀመር። የማይደገም መድኃኒት ማንም በጊዜው አይወስደውም።

በዚያው ዘመን በግብፅ በረሃ ሌላ ነገር ይደረግ ነበር። ጀማሪው መነኩሴ በልቡ የመጣበትን አሳብ ሁሉ፣ ክፉውንም ደጉንም፣ ለአረጋዊው ይገልጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየዕለቱ፣ በአደባባይ ሳይሆን በበዓት ውስጥ። አረጋዊው ቄስ መሆን አይጠበቅበትም፤ የነፍስን ጠባይ ማወቁ ይበቃል። ይህን ልማድ ካስያን በ415 ገደማ ወደ ማርሴይ ይዞት መጣ፤ ጽሑፎቹም ወደ አየርላንድ ገዳማት ደረሱ። በ6ኛው መቶ ዓመት የአየርላንድ አበው፣ ፊንያንና ኮሎምባኖስ፣ ለእያንዳንዱ ኃጢአት የሚገባውን ቀኖና የሚዘረዝሩ መጻሕፍት አዘጋጁ። ይህን ያህል ለሠራ ይህን ያህል ቀን በዳቦና በውኃ ይጹም የሚል ዓይነት ነው። ኮሎምባኖስ በ590 ገደማ ወደ አውሮፓ ምድር ተሻግሮ ሉክሴይን፣ በኋላም ሰሜን ኢጣልያ ውስጥ ቦቢዮን ሲመሠርት ይህ ሥርዓት አብሮት ሄደ። ምእመናንም ወደ ገዳሙ መጥተው እንደ መነኮሳቱ ይናዘዙ ጀመር። የቶሌዶ ጉባኤ በ589 ሰው ኃጢአት በሠራ ቁጥር ቄስ ጋር እየሄደ ልፈታ ማለቱን እንደ ድፍረት ቆጥሮ አውግዞ ነበር። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ በሻሎን የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት ግን ያንኑ ለነፍስ ጠቃሚ ነው ብለው አጸኑት። በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ አካለ መጠን የደረሰ ክርስቲያን ሁሉ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለቄሱ እንዲናዘዝ ደነገገ። በግብፅ በረሃ ለጥቂት ሰዎች የተጀመረ የመነኮሳት ልምምድ የአውሮፓ ገበሬ ሁሉ ግዴታ ሆነ ማለት ነው።

በምሥራቅ የዴሞፊሎስ ጥያቄ በሌላ መልክ ተመለሰ። አዲሱ የመለኮት ሊቅ የሚባሉት ስምዖን (949–1022)፣ በቁስጥንጥንያ የቅዱስ ማማስ ገዳም አበምኔት፣ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በሢመት ብቻ አይገኝም፤ መንፈስ ቅዱስን በገሃድ ያወቀ፣ ያልተሾመም መነኩሴ ቢሆን፣ ሊፈታ ይችላል ብለው ጻፉ። የእርሳቸው መንፈሳዊ አባት ራሳቸው ክህነት የሌላቸው መነኩሴ ነበሩ። ይህ መልእክት ለብዙ መቶ ዓመታት በዮሐንስ ዘደማስቆ ስም ሲነበብ ኖሮ የስምዖን መሆኑን በ1898 ያሳየው ጀርመናዊው ካርል ሆል ነው። ሆል ነገሩን በመንፈስና በሥልጣን መካከል የተደረገ ትግል አድርጎ አየው። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ስምዖን ክህነትን አልካዱም፤ ራሳቸውም ቄስ ነበሩ። ያሉት የተሾመ ሁሉ አልበቃም ነው። ቤተ ክርስቲያን ያልተሾመ እንዲፈታ አልፈቀደችም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የምሥራቅ ምእመን ተናዛዥ አባቱን ሲፈልግ መነኩሴ ቄስ መምረጡ ልማድ ሆኖ ጸና።

ሰባት የሚለው ቁጥር እንዴት እንደመጣ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ምሥጢራቱ ጥንታውያን ናቸው፤ ቆጠራው ግን የ12ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩ እንደ ጸሐፊው ይለያይ ነበር። ቴዎድሮስ ዘስቱዲዮን (759–826) የዲዮናስዮስን ስድስት ከነምንኩስናው ደገሙ። በምዕራብ በጴጥሮስ ዳሚያኒ ስም በተላለፈ አንድ ስብከት አሥራ ሁለት ምሥጢራት ተቆጥረዋል፤ የንጉሥ ቅባትም፣ የመነኩሴም፣ የባሕታዊም፣ የመነኩሲትም ሥርዓት ገብተውበታል። በ1150ዎቹ ገደማ ጴጥሮስ ሎምባርድ በፓሪስ ባዘጋጀው የትምህርት መጽሐፍ ሰባት ብሎ ሲወስን ጋብቻ ገባ፤ ምንኩስና ወጣ። ሎምባርድ በከተማ ካቴድራል ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው እንጂ መነኩሴ አልነበረም። ለእርሱ ምሥጢር ማለት የሚያመለክተውን ጸጋ ራሱ የሚሰጥ ምልክት ነው፤ ምንኩስና ደግሞ ሰው ለእግዚአብሔር የሚገባው ስእለት ሆኖ ታየ። ጋብቻም በዚያ ዘመን ሙሉ በሙሉ በቤተ ክርስቲያን ዳኝነት ሥር እየገባ ነበር። እንዲህም ሆኖ ቶማስ አኵይናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳም የገባ ሰው እንደ ተጠመቀ ያለ ሥርየት ያገኛል የሚለውን የአበው ትውፊት ተቀብሎ ያስተምር ነበር።

የባይዛንታይን ሰዎች ሰባቱን ሲቀበሉ የራሳቸውን ሰባት ሠሩ። በ1274 በሊዮኑ ጉባኤ በንጉሥ ሚካኤል ስምንተኛ ስም የተነበበው የሃይማኖት ቃል የሎምባርድን ሰባት የያዘ ነበር። በዚያው ዘመን ኢዮብ የተባለ መነኩሴ ሰባት ናቸው ካለ በኋላ ቅዱስ አስኬማን (የመነኮሳትን ልብስ) ከመካከላቸው ቆጥሮ፣ ቦታ ለመልቀቅ ንስሐንና ቀንዲልን በአንድ አጣመረ። የተሰሎንቄው ስምዖን (በ1429 ያረፉት) ምንኩስናን ከንስሐ ጋር አያይዘው ተረጎሙት። ይህ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው አያያዝ ነው፤ ምንኩስና ዕድሜ ልክ የሚቆይ ንስሐ ነውና።

ይህ ክርክር ኢትዮጵያውያንንም በአካል ነክቷቸዋል። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ መነኮሳት ፍሎረንስ ላይ በተደረገው ጉባኤ ተገኝተው ስለ እምነታቸውና ስለ ሥርዓታቸው ተጠይቀዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ሮም ተቀምጠው የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ፤ በ1549ም የኢትዮጵያ የጥምቀት ሥርዓት በላቲን ተተርጉሞ እዚያው ታተመ። የኢትዮጵያን ምሥጢራት ለአውሮፓ አንባቢ በኅትመት ያስተዋወቀው መነኩሴ ነው ብንል ስሕተት የለውም።

በዚሁ ጊዜ ምሥጢራትንና ምንኩስናን በአንድ እጅ የመታ ሰው ከራሱ ከገዳም ተነሣ። ማርቲን ሉተር የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ ነበር። በ1520 የምሥጢራትን ቁጥር ሲቀንስ፣ በ1521 ደግሞ የምንኩስናን ስእለት ሲነቅፍ ክርክሩ አንድ ነው፤ ጥምቀት በቂ ከሆነ ሁለተኛ ጥምቀት የሚባል ስእለት ምን ይሠራል? ምንኩስናን ሁለተኛ ጥምቀት የማለት ልማድ ከበረሃ አበውና ከጄሮም ዘመን ጀምሮ የነበረ ነውና ሉተር ያነጣጠረው ባዶ ቦታ ላይ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ የበረሃ አበው ይህን ሲሉ ጥምቀትን ለማሳነስ አልነበረም፤ የተጠመቀ ሰው የገባውን ቃል በሙሉ ኑሮው እንዲፈጽመው ለማለት ነው። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክተን ጋር ስለ ቅዳሴና ስለ እምነት ተነጋግሯል። ስለ ገዳም ተጨዋውተው ቢሆን ኖሮ ምን ይባባሉ ነበር ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው የጳጳስ እጥረት ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጳጳሱ ከእስክንድርያ የሚላክ ግብፃዊ ነበር፤ ሲያርፍ ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ያየውን ሲጽፍ አቡነ ማርቆስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ሲሾሙ፣ በሰው እጅ የታቀፉ የሚያለቅሱ ሕፃናት ሳይቀሩ ድቁና ሲቀበሉ ይተርካል። ለአልቫሬዝ ይህ ነውር ነበር። ነገር ግን ጳጳሱ አርጅተዋል፤ አገሩም ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ያለ ጳጳስ ኖሯል። ነገ የሚሾም ላይኖር ይችላል የሚል ፍርሃት ሕፃናቱን በታቀፉት እጆች ላይ ይታያል።

ቆብ ግን ጳጳስ አይጠብቅም። አበምኔቱ ከአባቱ የተቀበለውን ለልጁ ይሰጣል። ስለዚህ ነው ገዳሞቻችን የቆብ የዘር ሐረግ የሚቆጥሩት፤ እንጦንስ መቃርስን፣ መቃርስ ጳኩሚስን፣ ጳኩሚስ አረጋዊን እያለ እስከ ሐይቁ አባ ኢየሱስ ሞዐና እስከ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይወርዳል። ማን ለማን ቆብ ሰጠ የሚለው ጥያቄ በገድላቱ ውስጥ ብርቱ ክርክር ያስነሣው ለክብር ብቻ ተብሎ አይመስለኝም። ክህነት ከባሕር ማዶ በሚመጣበት አገር፣ ያልተቋረጠ የቅብብሎሽ መስመር በገዛ ምድሯ የነበራት ምንኩስና ናት። ታሪክ ጸሐፊው ስቲቨን ካፕላን የነኢየሱስ ሞዐንና የነተክለ ሃይማኖትን ዘመን መነኮሳት ሲያጠና ሕዝቡ ወደ እነርሱ የተሳበው በቅድስናቸው ኃይል መሆኑን አሳይቷል፤ እኔ በዚያ ላይ ይህን የቅብብሎሽ መስመር እጨምራለሁ።

የዚህ መስመር ፈተና የመጣው በደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ላይ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ (ከሰባስጥያው ኤዎስጣቴዎስ የተለዩ ናቸው) ቅዳሜ ሰንበት ይከበር በማለታቸው ከአገር ወጥተው በ1352 አርመን ምድር አረፉ። ልጆቻቸው ደብረ ቢዘንን የመሳሰሉ ታላላቅ ገዳማት መሠረቱ። የእስክንድርያው መንበር የሰንበትን ነገር ስላልተቀበለ ጳጳሱ አይሾማቸውም፤ እነርሱም ከእርሱ ሢመት አይጠብቁም። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ገዳማቱን ይመሩ የነበሩት ክህነት የሌላቸው መነኮሳት ነበሩ። አስቡት፤ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ መነኮሳት፣ ቆብ የደፉ፣ አስኬማ የለበሱ፣ ቀዳሽ ግን የቸገራቸው። የጠቤኒሲው ሁኔታ ከ1,000 ዓመት በኋላ በኤርትራ ተራሮች ላይ ተደገመ፤ ልዩነቱ ጳኩሚስ በፈቃዳቸው ያደረጉትን እነዚህ የተቀበሉት ለእምነታቸው ሲሉ መሆኑ ነው። በ1400 ገደማ በተደረገው ጉባኤ የቢዘኑ አባ ፊልጶስ በሐይቅ ታሰሩ። በ1404 ዐፄ ዳዊት አስፈቷቸው፤ ሰንበትንም እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ክህነቱ ግን እስከ 1450 አልተፈታም፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ሰንበትን ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከእጃቸው ሢመትን ተቀበሉ። ሰንበቱ ተገኘ፣ ቅዳሴውም ተመለሰ። በታሪካችን ስለ ምሥጢረ ክህነት ከዚህ የበለጠ ዋጋ የተከፈለበት ድርድር አላውቅም።

በምዕራብ የሆነው አንድ ነገር በእኛ ዘንድ አለመሆኑም መጠቀስ አለበት። በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ዘመን በገዳም ካህን ጥቂት ነበር፤ በ910 በተመሠረተው በክሉኒ ገዳም ዘመን ግን ለሙታን ቅዳሴ የሚለምነው ሕዝብ ስለበዛ አብዛኛው መነኩሴ ቄስ ሆኖ እያንዳንዱ ለብቻው በየጎኑ መሠዊያ ይቀድስ ነበር። በእኛ ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ቄስ ብቻውን አይቀድስም። ስለዚህ ገዳሞቻችን ውስጥ ክህነት የሌለው መነኩሴ ሙሉ መነኩሴ ሆኖ ቀረ።

ዛሬስ? አመክሮውን ጨርሶ የሚመነኩስ ረድእ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ተሸፍኖ፣ ጸሎተ ፍትሐት ይጸለይለታል፤ በቁሙ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ከዚያ ተነሥቶ ቅናቱን ይታጠቃል፣ ቆቡን ይደፋል፤ አስኬማው ዓመታት ቆይቶ ለበቃው ይሰጣል። ዲዮናስዮስ አምስተኛና ስድስተኛ ብሎ የለያቸው ምንኩስናና ፍትሐት እኛ ዘንድ በአንድ ሥርዓት ተጋምደዋል ማለት ነው።

ምእመናኑም ዘንድ ምሥጢራቱና ቆቡ የተያያዙ ናቸው። በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስት በሞት ቢለያዩ የቀረው ወገን ሌላ ማግባት ለሕሊናው ይከብደዋል፤ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ደግሞ ካገባ ክህነቱን ያጣል። ብዙዎቹ ይመነኩሳሉ። በየሰፈሩ ቆብ ደፍተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የልጅ ልጅ እያሳደጉ በቤታቸው የሚኖሩ እማሆይ አሉ። ጎልማሳው ሁሉ ራሱን ከሥጋ ወደሙ አርቆ በሚኖርበት አካባቢ በየሰንበቱ የሚቆርቡት ሕፃናትና እነዚህ አረጋውያን ናቸው። የበረሃው የምናኔ መስፈርት ለምእመኑ ሁሉ የቁርባን መስፈርት ሆኖ ወርዷል፤ ያልመነነ አይቆርብም የሚል ያልተጻፈ ሕግ በሕዝቡ ልብ ተቀምጧል። ይህ ከአበው ትምህርት ጋር አይሄድም። ባስልዮስ በሳምንት አራት ቀን ሲቆርቡ ምእመናኑንም ያበረታቱ ነበር እንጂ ቆብ ድፉና ኑ አላሉም። ካህናታችን ይህን በግልጽ ሊያስተምሩ ይገባል፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወጣቶች እየበዙ ወደ ቁርባን መምጣታቸውም ትምህርቱ ሲነገር ሰሚ እንዳለው ያሳያል።

ምንኩስና ምሥጢር ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ መልስ ያለው በብራና ላይ ነው። በ1970ዎቹ ከየገዳማቱ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ቅጂ ሚኒሶታ ውስጥ፣ በቅዱስ ዮሐንስ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ግቢ ባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ለዝርዝሩ የሰጡበት ሥራ ነው። ዛሬ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። የምንኩስናውን ሥርዓት ጸሎቶች ከመጽሐፈ ግንዘት፣ ከመጽሐፈ ክርስትናና ከክህነት አሰጣጥ ጸሎቶች ጋር ቃል በቃል አስተያይቶ የትኛው ከየትኛው እንደወሰደ፣ መንፈስ ቅዱስ የሚጠራበት ጸሎት በየትኛው መዓርግ ላይ እንደገባ፣ በቅናቱ፣ በቆቡ ወይስ በአስኬማው፣ የሚያሳይ ሥራ ያስፈልገናል። ግዕዝ ለሚያውቅ ወጣት ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ርእስ ልጠቁመው አልችልም።